አግሪቢዝነስን ባሕር ማዶ መማር፦ ለጎጃም ተማሪዎች የኮርስ፣ የበርበሬና የወረቀት ነገር

ቡሬ ላይ ከገበሬው እጅ የወጣ በርበሬ መርካቶ ሲደርስ ዋጋው ሌላ ነው። በመሃል ሰብሳቢው አለ፣ ደላላው አለ፣ ጫኝና አውራጁ፣ ጆንያው፣ አይሱዙው፣ መንገድ ላይ የተንጠባጠበውና መጋዘን ውስጥ የሻገተው አለ። አግሪቢዝነስ የሚባለው ትምህርት የዚህ መሃል ትምህርት ነው። የማሳውን ሥራ አግሮኖሚ ያስተምራል፤ አግሪቢዝነስ ግን ዘርና ማዳበሪያ ማሳ ከመድረሱ በፊት፣ ምርቱም ከአውድማ ከተነሣ በኋላ ማን ምን ያህል እንደሚያተርፍ፣ ማን እንደሚከስርና ለምን እንደሆነ ይቆጥራል። የምግብ ሥርዓት የሚለው ስም ሰፋ ይላል፤ አፈሩንና ውኃውን፣ አመጋገቡን፣ የመንግሥትን ፖሊሲ ሳይቀር አንድ ላይ ያያል።

ይህን መለየት ያስፈለገው ብዙ ተማሪ በስም ስለሚሸወድ ነው። አንዱ ዩኒቨርሲቲ አግሪቢዝነስ የሚለውን ሌላው የግብርና ኢኮኖሚክስ ይለዋል፤ ሦስተኛው ዘላቂ የምግብ ሥርዓት ብሎ የሚያምር ስም ሰጥቶት ውስጡ ሲከፈት ግማሹ ስለ ምግብ ባህል የሚወያዩበት ኮርስ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ከስሙ በፊት የአራቱን ዓመት የኮርስ ዝርዝር አውርዳችሁ አንብቡ። ቢያንስ ሁለት የስታቲስቲክስ፣ ሁለት የማይክሮኢኮኖሚክስ፣ አንድ የካልኩለስና አንድ የሂሳብ መዝገብ አያያዝ ኮርስ ከሌለበት፣ የመሃሉን ሥራ አያስተምርም ብላችሁ እለፉት። በዚያ ላይ የዋጋ ትንተና፣ የአቅርቦት ሰንሰለት፣ የምግብ ደኅንነትና የኅብረት ሥራ ማኅበራት አስተዳደር ካለው ጥሩ ነው። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ ማዳበሪያው በዩኒየን በኩል በሚመጣበት አገር ግን የዩኒየንን የሒሳብ ሪፖርት ማንበብ የሚችል ባለሙያ ብርቅ ነው።

12ኛ ክፍልን በማኅበራዊ ሳይንስ የጨረሰ ተማሪ አግሪቢዝነስና የግብርና ኢኮኖሚክስ ብዙ ጊዜ አይከለከልም። የምግብ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ግን ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ስለሚጠይቅ የተፈጥሮ ሳይንሱን ይፈልጋል። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማመልከት የተለመደ ስሕተት ነው፤ መልሱ በሁለት መስመር ኢሜይል ይመጣል፣ የማመልከቻ ገንዘቡ ግን አይመለስም።

የመጀመሪያው ዓመት ላይ የሚጥለው ሒሳቡ ነው። ካልኩለሱ ራሱ ሳይሆን ካልኩለሱ ከገበያ ጋር ሲገናኝ ነው ሰው የሚደናገረው። የኮጋን መስኖ ውሰዱ፤ 7 ሺህ ሄክታር ገደማ ያለማል። ዘንድሮ ሽንኩርት ተወደደ ብሎ የመራዊና የአካባቢው ገበሬ ሁሉ ሽንኩርት ቢተክል፣ ምርቱ በአንድ ሰሞን ይደርስና ዋጋው ይወድቃል፤ በሚቀጥለው ዓመት ሁሉም ይተወዋል፣ ዋጋው ደግሞ ይሰቀላል። ኢኮኖሚስቶች ይህን ሲሥሉት መስመሩ እየተሽከረከረ የሸረሪት ድር ስለሚመስል በዚሁ ስም ይጠሩታል። ፈተናው ላይ የሚጠየቀው ታሪኩ አይደለም፤ የአቅርቦቱና የፍላጎቱ መስመር ተዳፋትነት ምን ቢሆን ዋጋው እንደሚረጋጋ፣ ምን ቢሆን እየባሰበት እንደሚሄድ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ኤክሴል ላይ አሥር ዓመት አድርጋችሁ አንድ ጊዜ ብትሠሩት፣ እዚያ ስትደርሱ አዲስ ነገር አይሆንባችሁም።

አሁን ወደ ከፋዩ። በግል ገንዘብ የሚለውን አማራጭ ለጊዜው እተወዋለሁ። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ ከእጥፍ በላይ ሄዷል፤ ደመወዙን በብር የሚቆጥር ቤተሰብ በዩሮ የትምህርት ክፍያ ልክፈል ቢል ቤት ሸጦም አይዘልቀውም። ለምሳሌ ኔዘርላንድስ ውስጥ ያለው ቫኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ በመስኩ በዓለም ስሙ ከሚነሣው አንዱ ነው፤ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጣ ተማሪ ግን የመጀመሪያ ዲግሪው በዓመት ከ15 ሺህ ዩሮ በላይ ያስከፍላል። ደግሞም በአውሮፓ ብዙ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች የእኛን የ12ኛ ክፍል ውጤት ብቻውን አይቀበሉም፤ አገር ቤት አንድ ዓመት ዩኒቨርሲቲ መማርን ይጠይቃሉ። ስለዚህ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዘንዘልማ ግቢ ወይም የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ቡሬ ካምፓስ ገብቶ አንድ ዓመት መማር ጊዜ ማባከን አይደለም። ትራንስክሪፕቱ ራሱ ቁልፍ ነው።

ጀርመንን ሰው “ነጻ ነው” ይላል። ክፍያው በአብዛኛው እውነት ነፃ ነው፤ ግን ባደን ቩርተምበርግ ክልል ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣን ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል፤ በግብርና የታወቀው የሆኸንሃይም ዩኒቨርሲቲ ያለው ደግሞ እዚያው ክልል ነው። ከዚያ በላይ የሚከብደው ለቪዛ የሚጠየቀው የታገደ የባንክ ሒሳብ ነው፦ በዓመት 11,904 ዩሮ አስቀድሞ ገብቶ በየወሩ እየተቆነጠረ ይወጣል። ከ12ኛ ክፍል በቀጥታ የሚሄድ ተማሪ ብዙ ጊዜ ሽቱዲየንኮሌግ የሚባለውን የመሰናዶ ዓመት በጀርመንኛ ማለፍ አለበት። በእንግሊዝኛ መማር የሚፈልግ ክሌቨ ከተማ ያለውን የራይን ቫል ዩኒቨርሲቲ የዘላቂ ግብርና ዲግሪ ይመልከት። ሥራን በተመለከተ ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዓመት 140 ሙሉ ቀን መሥራት ይፈቀዳል።

ቱርክ ለእኛ ተማሪ ከሁሉ ይልቅ ተጨባጭ መንገድ ይመስለኛል። የመንግሥቱ ስኮላርሺፕ ማመልከቻ ከጃንዋሪ 10 እስከ ፌብሩዋሪ 20 ነው፤ በእኛ ከጥር 2 እስከ የካቲት 13 መሆኑ ነው። ለመጀመሪያ ዲግሪ ዕድሜ ከ21 በታች፣ ውጤት ከመቶ 70 በላይ ይጠየቃል። የትምህርቱን ክፍያ፣ ማደሪያውን፣ የአውሮፕላን ትኬቱንና የኪስ ገንዘቡን ይሸፍናል፤ ማመልከት በነፃ ነው፣ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ ለራሱ ነው። አንድ ዓመት ቱርክኛ ያስተምሩና ከፍተኛ ደረጃ ላይ መድረስን ይጠይቃሉ፤ እዚህ ላይ የሚወድቁ አሉ፣ ምክንያቱም ቋንቋውን እንደ ዕረፍት ዓመት ያዩታል። አንካራ፣ ኢዝሚር ያለው ኤጌና አዳና ያለው ቹኩሮቫ ዩኒቨርሲቲዎች የግብርና ኢኮኖሚክስ ክፍል አላቸው። አዳና ሰፊ የጥጥና የብርቱካን ሜዳ ላይ ስላለ ለመስኩ የተመቸ ነው።

የሃንጋሪው ስኮላርሺፕ የሚዘጋው በጃንዋሪ አጋማሽ ማለትም ጥር 7 አካባቢ ነው። ድረ ገጹ ላይ መሙላት ብቻውን አይበቃም፤ የላኪው አገር መሥሪያ ቤት እጩ አድርጎ ካላቀረባችሁ ማመልከቻው ባዶ ነው፤ ስለዚህ የትምህርት ሚኒስቴርን ማስታወቂያ ጎን ለጎን ተከታተሉ። ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚሰጠው ወርሃዊ ገንዘብ 43,700 ፎሪንት ነው፤ ከዶርም ውጭ ላደረ 40,000 ይጨመርለታል። ሁለቱ ተደምረው ኑሮውን አይሸፍኑም፤ ይህን ሳያውቁ ሄዶ በሁለተኛው ወር መደንገጥ አለ። የሃንጋሪ የግብርና ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ያለባት ከተማ ስም በእኛ ጆሮ “ጎዶሎ” ነው የሚመስለው። ስሙ ላይ ላለመሳቅ ከባድ ነው፤ ትምህርቱ ግን ጎዶሎ አይደለም።

አሜሪካ ትልልቆቹ የግብርና ዩኒቨርሲቲዎች በ1862 እ.ኤ.አ. በወጣው የሞሪል ሕግ መሬት ተሰጥቷቸው የተመሠረቱ የክፍለ ግዛት ተቋማት ናቸው። የያኔውን ዓለማያ፣ የዛሬውን ሐረማያ ለማቋቋም የመጣው የኦክላሆማው ኮሌጅም ከእነዚሁ ወገን ነው። ለውጭ ተማሪ ሙሉ ወጪ የሚችሉት ግን ጥቂት ናቸው። ኬንታኪ ያለው ቤሪያ ኮሌጅ ለየት ይላል፦ ከማንም ተማሪ የትምህርት ክፍያ አይወስድም፣ የግብርናና የተፈጥሮ ሀብት ክፍልና የራሱ እርሻ አለው፤ በምትኩ ሁሉም ተማሪ በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት ይሠራል። የሚቀበላቸው የውጭ ተማሪዎች ቁጥር ትንሽ ስለሆነ ፉክክሩ ከባድ ነው። ኮስታ ሪካ ያለው ኧርዝ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ተማሪዎችን በቡድን አደራጅቶ፣ ገንዘብ አበድሮ እውነተኛ ድርጅት እንዲመሩ ያደርጋል፤ ብድሩ ተመልሶ የተረፈውን ይከፋፈላሉ። ትምህርቱ በስፓኒሽ ነው። ቅርብ ለሚሻ ኬንያ ንጆሮ ያለው ኤገርተን ዩኒቨርሲቲ የአግሪቢዝነስ አስተዳደር የመጀመሪያ ዲግሪ በእንግሊዝኛ ይሰጣል፤ ለኢትዮጵያዊ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አያስፈልግም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ጊዜ ማጥፋት የሚገባው ማመልከቻው ላይ የሚጻፈው ድርሰት ነው። ከእኛ አገር የሚላከው አብዛኛው ድርሰት አንድ ዓይነት ነው፦ ኢትዮጵያ 80 በመቶ ገበሬ ናት፣ ጤፍ ድንቅ እህል ነው፣ ድህነትን ላጠፋ ነው የምማረው። አንባቢው ይህን መቶ ጊዜ አንብቦታል። ስለ ጤፍ መጻፍ የግድ ከሆነ እንኳ ፍሬው ወደ ውጭ እንዳይላክ ሲከለከል እንጀራው ሲፈቀድ ገበሬው ላይ ምን እንዳመጣ፣ ወይም አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ የያዘውን ፓተንት የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. ለምን ውድቅ እንዳደረገው መጻፍ ይሻላል። ከሁሉ የሚሻለው ግን አንድ ምርት ይዞ መሃሉን በቁጥር ማሳየት ነው። ጎጃም ያለ ተማሪ ይህን ለመሥራት ደብተርና የገበያ ቀን ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

በርበሬን እንያዝ። ለ12 ሳምንት በየገበያው ቀን አንድ ዓይነት ሰዓት ላይ ሂዱና መዝግቡ፦ ቀኑን፣ ገበሬው የሸጠበትን ዋጋ፣ ሰብሳቢው የሸጠበትን፣ የጆንያውን፣ የጫኝና አውራጁን፣ የደላላውን፣ እስከ አዲስ አበባ በኩንታል የሚከፈለውን የመኪና ኪራይ፣ መጨረሻም መርካቶ ላይ ያለውን ዋጋ በስልክ ጠይቃችሁ። ከዚያ የገበሬው ድርሻ ይሰላል። ገበሬው በኪሎ 100 ብር የሸጠው ተጠቃሚው ጋ 160 ከደረሰ ድርሻው 100 ለ160 ሲካፈል 62.5 በመቶ ነው። የቀረውን 60 ብር “ነጋዴ በላው” ብሎ መዝጋት የመንደር ወሬ ነው፤ ከውስጡ ኪራዩን፣ ጆንያውን፣ ጉልበቱንና የክብደቱን መቀነስ አውጥታችሁ የሚተርፈውን ስታሳዩ ነው ሥራው ትምህርት የሚሆነው።

የክብደቱን መቀነስ ብዙ ሰው ይረሳዋል። 18 በመቶ እርጥበት ያለው 1 ኩንታል በርበሬ እስከ 11 በመቶ ቢደርቅ፣ ደረቁ ክፍል 82 ኪሎ እንዳለ ስለሚቆይ የሚቀረው ክብደት 82 ለ0.89 ሲካፈል 92 ኪሎ ገደማ ነው። 8 ኪሎ አየር ላይ ጠፋ። ያልደረቀውን የገዛ ነጋዴ ይህን 8 ኪሎ ከመነሻው ከዋጋው ላይ ያወርዳል፤ በደንብ አድርቆ የመጣው ገበሬም አብሮ ይቀጣል፣ ምክንያቱም እርጥበት የሚለካ መሣሪያ ገበያው ላይ የለም፤ በእጅ ጨብጦና አንኮሻኩሾ ነው የሚፈረደው። ይኸው ነው አንዳንዱ ክብደት ለመጨመር ውኃ እንዲረጭ የሚገፋፋው።

ያ ውኃ ደግሞ ሌላ መዘዝ አለው። በባዶ መሬት ላይ የተሰጣ ወይም ርጥብ ሆኖ የተከማቸ በርበሬ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይተዋል፤ መፍጨትም ማብሰልም አያጠፋውም። የአውሮፓ ኅብረት በበርበሬ ላይ የሚፈቅደው ጠቅላላ አፍላቶክሲን በኪሎ 10 ማይክሮግራም ነው። ይህ በ1 ሺህ ኩንታል ውስጥ 1 ግራም ማለት ነው። የተበከለውን ከንጹሑ ቀላቅሎ መጠኑን ማውረድም ሕጉ አይፈቅድም። ስለዚህ የአንዱ ጆንያ ሻጋታ የሙሉ መኪና ጭነት ያስመልሳል። እርጥበት፣ ዋጋ፣ መርዝ፣ ወጪ ንግድ በአንድ ክር የተያያዙበትን ይህን ነገር ከራሳችሁ 12 ሳምንት ቁጥር ጋር አንድ ገጽ ብትጽፉ፣ ከየትኛውም “ሕልሜ” ከሚል ድርሰት ይበልጣል። በርበሬ በሌለበት የሰከላ ድንች፣ የቢቸና ጤፍ፣ የፋግታ ከሰል አለ፤ ከሰሉም ቢሆን ለእርሱ የሚተከለው የዲከረንስ ዛፍ ከእህል ማሳ ጋር ስለሚሻማ የምግብ ሥርዓት ጉዳይ ነው።

የእንግሊዝኛ ፈተናውን በተመለከተ አይኤልትስ የሚሰጠው አዲስ አበባ ነው፤ በአብዛኛው 6.0 ወይም 6.5 ይጠየቃል፣ ውጤቱ ለ2 ዓመት ያገለግላል። ዱኦሊንጎ ቤት ሆኖ በኮምፒውተር ይወሰዳል፣ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው መታየትም መሰማትም የለበትም፤ መብራት ወይም ኔት መሃል ላይ ቢቋረጥ ችግር ነው። ኔት በአማራ ክልል ለወራት ተቋርጦ የነበረበት ጊዜ ለማንም አልተረሳም፣ ስለዚህ ቀነ ገደቡ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው አትቀመጡ።

ወረቀቱ ላይ ከሁሉ የሚያሠቃየው ስም ነው። “ቀ”ን አንዱ ጸሐፊ በኪው፣ ሌላው በኬ ይጽፈዋል፤ “ጸ”ን አንዱ በቲና ኤስ፣ ሌላው በኤስ ብቻ። ኃይለማርያም አንድ ቃል ሲሆን አንድ ስም ነው፤ ለሁለት ከተከፈለ ግን የውጭው ኮምፒውተር “ማርያም”ን የቤተሰብ ስም አድርጎ ይመዘግባል። መፍትሔው ፓስፖርቱን ቀድሞ ማውጣትና ትራንስክሪፕቱን፣ የልደት ሰርተፍኬቱን፣ የፈተና ምዝገባውን ሁሉ ከፓስፖርቱ ፊደል በፊደል መገልበጥ ነው።

ቀጥሎ የልደት ቀን። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ የተወለደ በዓመቱ ላይ 7 ይደምራል፣ ከዚያ በኋላ የተወለደ 8። ጥር 5 ቀን 2000 የተወለደ ልጅ ጃንዋሪ 14 ቀን 2008 ነው፤ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ በልማድ 7 ደምሮ 2007 ከጻፈው ልጁ አንድ ዓመት ያረጃል፣ የዕድሜ ገደብ ባለበት ስኮላርሺፕ ላይ ይህ ሊያስወድቅ ይችላል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፦ በውጭ አቆጣጠር የተጻፈ ቀጠሮ ወረቀት ላይ “8:00” ካለ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፣ ከቀኑ 8 ሰዓት የሄደ ሰው ቀጠሮው አልፎበታል።

ማረጋገጫው ከታች ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ትራንስክሪፕቱ የትምህርት ቤቱ ማኅተም፣ ከዚያ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ወይም የመምሪያው ማኅተም ያርፍበታል። የ12ኛ ክፍል ውጤት በትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ይረጋገጣል። የተተረጎመ ሰነድ ሁሉ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት፣ በመጨረሻም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ያልፋል። ላይኛው መሥሪያ ቤት የሚያየው የታችኛውን ማኅተም ነው፤ አንዱን ደረጃ የዘለለ ሰው ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር፣ ወደ ባሕር ዳር 550 ኪሎ ሜትር ተመልሶ ይወርዳል፤ መንገዱ ክፍት በሆነ ጊዜ ነው ይህም። የአስተማሪ የድጋፍ ደብዳቤ ከግል ኢሜይል ቢላክ እንኳ የትምህርት ቤቱ አርማ፣ ቁጥር፣ ቀን፣ ማኅተምና የሚመልስ ሰው ያለበት ስልክ ይኑረው።

እዚያ ከደረሳችሁ በኋላ ስለ ጎጃም ምርት የመመረቂያ ጽሑፍ መሥራት የምትፈልጉ አንድ ነገር አስቡ። የእነርሱ ረጅም ዕረፍት ከጁን እስከ ኦገስት ነው፤ እኛ ጋ ያኔ ዝናብ ነው፣ ማሳው ገና እየታረሰና እየታረመ ነው፣ ጎተራውም አልቋል። በርበሬው፣ በቆሎው፣ ጤፉ የሚሰበሰበውና ገበያ የሚወጣው ከጥቅምት እስከ ጥር እናንተ ክፍል ውስጥ ሳላችሁ ነው። ስለዚህ በሦስተኛው ዓመት ላይ አገር ቤት አንድ ታማኝ መዝጋቢ አዘጋጁ፣ የገበያ ቀን አበልና የስልክ ካርድ ቁረጡለት፣ ቅጹን እናንተው ሥሩለት። በቁናና በጣሳ የሚሸጠውን በየገበያው ሦስት ጊዜ በሚዛን አስመዝናችሁ አማካዩን ያዙ፤ የአንዱ ገበያ ቁና ከሌላው ስለሚለያይ፣ ሳይመዘን የተሰበሰበ ዋጋ ከገበያ ገበያ ሊወዳደር አይችልም።